በአንድ ፊደል ውስጥ የተደበቀ መጋጠሚያ

ልጄ የደችኛ ቃላትን የምትማረው በጭብጨባ ነው። በኔዘርላንድስ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በእሷ ዕድሜ ያሉ ልጆች ቃሉን በአፋቸው እያሉ በእጃቸው ይቆርጡታል፤ ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ ጭብጨባ። ቀለም ስል የግጥም ሰዎች ስንኝ ሲለኩ የሚቆጥሩትን የድምፅ ክፍል ማለቴ ነው። እኔ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ፊደል አስጠናታለሁ። ሁለቱ ትምህርቶች ለረጅም ጊዜ ሳይነካኩ ጎን ለጎን ሲሄዱ ቆይተው ባለፈው ክረምት፣ እዚህ ሮተርዳም ከቀትር በኋላ በሚመሽበት ሰሞን፣ ወጥ ቤታችን ውስጥ ተገናኙ።

ወጥ እያማሰልኩ ነበር። «እማዬ፣ እራት የሚለውን የደች ቃል በአማርኛ ፊደል ጻፊልኝ» አለችኝ። ቃሉ የተሠራው ከሁለት ቃላት ነው፤ «አቮንት» ምሽት ነው፣ «ኤተን» ምግብ። እጄን ጠርጌ በደብተሯ ጠርዝ ላይ «አቮንቴተን» ብዬ ጻፍኩላት፤ በወሬ መሐል ሲባል ጆሮ የሚይዘው እንደዚያ ነውና። አጨበጨበች። ከዚያ እንደ ለመደችው በቀለማቱ መካከል መስመር ልታሰምር ስትል እርሳሷ «ቴ» ላይ ቆመ። ወደ ግራ ወሰደችው፣ ወደ ቀኝ መለሰችው። «እማዬ፣ የምቆርጥበት ቦታ እኮ ፊደሉ ውስጥ ነው» አለች።

የዚያን ቀን ወጡ ሊያር ጥቂት ቀርቶት ነበር። ነገሩ ግን ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። እውነቷን ነው። «ቴ» ስንጽፍ «ት»ን ከምሽቱ፣ «ኤ»ን ከምግቡ ወስደን በአንድ ቅርጽ እናትማቸዋለን። የሁለቱ ቃላት ድንበር በፊደሉ ሆድ ውስጥ ያልፋል። ከዚያ በኋላ ዐይን የትም ቢፈልግ አያገኘውም። በዚህ አገር ስንት ደብዳቤ፣ ስንት ቅጽ፣ ስንት የግድግዳ ማስታወቂያ አንብቤአለሁ! ቃላቱ ረጃጅም ናቸው እያልን ስንማረር የኖርን እኛ ፊደልን በልጅነታችን የቆጠርን ሰዎች፣ ከርዝመቱ ይልቅ ያስቸገረን ይህ ድንበር ይሆን?

## መጋጠሚያው ይቀድማል

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ከሕጉ ልጀምር። ደችኛ ነጠላ ቃልን በቀለም ሲከፍል ልማዱ ከእኛ ብዙም አይርቅም። በሁለት አናባቢዎች መካከል ያለች አንዲት ተነባቢ ወደሚቀጥለው ቀለም ትሄዳለች፤ «ቦመን» የሚለው ቃል፣ ዛፎች ማለት ነው፣ «ቦ» እና «መን» ይሆናል። ይህን ፊደላችን ራሱ ይሠራዋል፤ ምንም የሚያስጨንቅ ነገር የለም። ሁለት ቃላት ተጣምረው አንድ ሲሆኑ ግን ይህ ልማድ ይቆማል። መጋጠሚያው ይቀድማል፤ ቀለሙ መጋጠሚያውን ተከትሎ ይቆረጣል። የቤተሰብ ሐኪም «ሃውስአርትስ» ነው፤ ቤት እና ሐኪም። ሲከፈል «ሃውስ» ካለ በኋላ «አርትስ» ይላል። «ሃው» ብሎ «ሳርትስ» የሚል ክፍያ የለም፤ በመስመር መጨረሻ ላይ ቃሉን ለመስበር የሚያትመው ሰው እንኳ እዚያ ቦታ ላይ አይሰብረውም።

ይህ የአጻጻፍ ሥርዓት ብቻ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባላሳሰበኝ። የሚደንቀው ድንበሩ የሚሰማ መሆኑ ነው። «ሃውስ» በብዙ ቁጥር ሲነገር «ሃውዘን» ይሆናል፤ አናባቢ ሲከተለው «ስ» ወደ «ዝ» ተለውጧል። በሐኪሙ ስም ውስጥም አናባቢ ይከተለዋል፤ «አርትስ» በ«አ» ይጀምራልና። ይሁንና «ስ» ንቅንቅ አይልም። ምሽትም እንደዚሁ ነው። ቃሉ በላቲን ፊደል የሚጻፈው በ«ድ» ቢሆንም፣ ደችኛ በቃል መጨረሻ ላይ «ድ»ን «ት» ስለሚያደርገው «አቮንት» ይባላል። ብዙ ሲሆን ድምፁ ወደ ቦታው ይመለስና «አቮንደን» ይላል። በእራቱ ውስጥ ግን፣ አናባቢ ከፊቱ እያለ፣ «ት» ሆኖ ይቀራል። ተነባቢው የቃል መጨረሻ ላይ እንዳለ ያውቃል ማለት ነው። ከእሱ ቀጥሎ ሌላ ቃል መጀመሩን የሚነግረን ይህ አለመለወጡ ነው።

አንድ ቦታ ላይ የደች ጸሐፊዎች ራሳቸው ለዐይን ይራሩለታል። ሁለት አናባቢዎች መጋጠሚያው ላይ ተጋጭተው የሚያደናግሩ ከሆነ ሰረዝ ያስገባሉ፤ «ዜ» ባሕር፣ «ኤንት» ዳክዬ፣ የባሕር ዳክዬ ሲጻፍ በመካከሉ ሰረዝ አለው። ያለ ሰረዙ አራት «ኢ» በተከታታይ ይሰለፉ ነበር። አልፎ አልፎም መጋጠሚያው ላይ ማያያዣ ድምፅ ይገባል፤ አንዳንዴ «ስ»፣ አንዳንዴ «ን» ያለበት ቀለም። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የአጻጻፍ ማሻሻያ «ፓነኩክ» በሚለው የመጥበሻ ቂጣ ስም መካከል አንድ «ን» ሲጨምር ብዙ ሰው ተቆጥቷል፤ እስከ ዛሬም አብዛኛው ሰው ይጽፈዋል እንጂ አይጠራውም።

ከሁሉ በላይ የወደድኩት ምሳሌ ግን «ቫልካውል» ነው። «ቫል» እና «ካውል» ብለን ብንከፍለው ወጥመድ ሆኖ የተቆፈረ ጉድጓድ ነው፤ በዕለት ንግግር ሰው ሳያስበው የሚገባበት ችግር ሁሉ በዚህ ስም ይጠራል። «ቫልክ» እና «አውል» ብለን ብንከፍለው ደግሞ ጭልፊትና ጉጉት ይወጣል። በደችኛ በዚህ ስም የሚጠሩ የጉጉት ዝርያዎች አሉ። በእኛ ፊደል ግን ተመልከቱት። በመጀመሪያው ክፍያ «ካ» ሙሉ ሆና ትቀራለች፤ በሁለተኛው ራሷ ለሁለት ትሰነጠቃለች። ልጄ «ፊደሉ ውስጥ ነው» ያለችው ይህን ነው።

የቅኔ ተማሪ ይህን ቢሰማ አይገረምም። በቅኔ ቤት ሰረዝ የሚባል መንገድ አለ፤ ባለቅኔው አንዱን ቃል ሰሚው ባልጠበቀው ቦታ ከፍሎ ሌላ ምሥጢር ያወጣበታል። ቃል የሚቆረጥበት ቦታ ትርጉም እንደሚለውጥ አባቶቻችን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ልዩነቱ እነሱ ለምሥጢር ሲሉ ያደረጉትን እዚህ አገር ያለ ሰው ለእራትና ለሐኪም ሲል በየቀኑ ማድረጉ ነው።

## ሦስት ቤቶች

መጋጠሚያው ከታወቀ በኋላ ጫናው ይመጣል። ጫና ስል አንዱ ቀለም ከሌሎቹ በርትቶ፣ ከፍ ብሎ የሚነገርበትን ማለቴ ነው። አማርኛችን ጫናን ለቃል ትርጉም ብዙም ስለማይጠቀምበት ቀለማቱን አስተካክለን መናገር ይቀናናል። «አምስተርዳም» ስንል ቀለማቱ ሁሉ እኩል ናቸው፤ የከተማዋ ሰው ግን መጨረሻውን ያበረታዋል፣ «ዳም»ን። ሮተርዳምም እንደዚሁ ነው። «ዳም» ግድብ ነው፤ አንዷ በአምስተል ወንዝ፣ ሌላይቱ በሮተ ወንዝ ላይ ከተሠራ ግድብ ስማቸውን አገኙ።

የከተማ ስም ግን ደንቡን አያሳይም። ደንቡን ለማየት «ሃውስ» የሚለውን ቃል ይዤ ሦስት ቤቶችን ልጎብኝ። ሆስፒታል «ዚከንሃውስ» ይባላል፣ የሕሙማን ቤት፤ ጫናው «ዚ» ላይ ነው። የወረዳ አስተዳደር «ኸሜንተሃውስ» ነው፤ እዚህ ላይ «ኸ»ን ከጉሮሮ አውጥታችሁ አንብቡልኝ። ጫናው «ሜን» ላይ ነው። ለምን መጀመሪያው ቀለም ላይ አልሆነም? «ኸሜንተ» ለብቻው ሲነገርም የሚበረታው «ሜን» ስለሆነ ነው። ጥምር ቃሉ የፊተኛውን ቃል ጫና ካለበት ሳያነቃንቅ ይወርሳል፤ የኋለኛው ቃል የራሱ ጫና አይጠፋበትም፣ ዝቅ ይላል እንጂ። ስለዚህ «ጫናው መጀመሪያ ላይ ነው» የሚለው በብዙ የማስተማሪያ መጻሕፍት የሚገኝ አጭር ምክር ግማሽ እውነት ነው። ጫናው የሚያርፈው በፊተኛው ቃል ላይ ነው፤ ከዚያ ቃል ውስጥ በየትኛው ቀለም ላይ እንደሚያርፍ የሚያውቀው ቃሉ ራሱ ነው። መጋጠሚያውን ያላየ ሰው ይህን ሊያገኘው አይችልም።

ሦስተኛው ቤት ግን ሕጉን ያፈርሳል። የከተማ ማዘጋጃ ቤት «ስታትሃውስ» ነው፤ ጫናው በኋለኛው ላይ፣ «ሃውስ» ላይ ይወድቃል። በውስጡ የሚቀመጠው ከንቲባም፣ «ቡርኸሜስተር»፣ ጫናው «ሜስ» ላይ ነው። እነዚህ በቃል የሚያዙ ናቸው፤ ምክንያት ብፈልግላቸው ራሴን አደክማለሁ።

በአምስተርዳም ትራም ውስጥ የተቀዳውን የሴት ድምፅ ማዳመጥ ግን ከማንኛውም መጽሐፍ ይበልጣል። «ሌይትሰስትራት» የሚለው የመንገድ ስም «ሌይት» ላይ ይበረታል። ያው መንገድ የሚያደርሰው አደባባይ «ሌይትሰፕሌይን» ግን «ፕሌይን» ላይ ይበረታል። መንገዱ የሚያቋርጠው ቦይ «ፕሪንሰንኽራኽት» እንዲሁ መጨረሻው ላይ። «ስትራት» ያለበት ስም ጫናውን ለፊተኛው ቃል ይሰጣል፣ ቦይና አደባባይ ለራሳቸው ያስቀራሉ። የከተማው ልጅ ይህን ማንም ሳያስተምረው ያደርገዋል። እኔ ሆን ብዬ ካዳመጥኩት ወዲህ ትራም መሳፈር ራሱ ሌላ ደስታ ሆኖልኛል።

ጫናው ትርጉም ሲለውጥ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። «ክሌይን» ትንሽ ነው፣ «ኪንት» ልጅ። ለየብቻ ተጽፈው «ኪንት» ሲበረታ ትንሽ ልጅ ነው። ተጣምረው «ክሌይን» ሲበረታ የልጅ ልጅ ነው። ሠላሳ ዓመት የሞላው ጎልማሳ «ክሌይንኪንት» ሊሆን ይችላል። የአንዲት አያት ደስታ ከድምፅ ከፍታ ጋር ቦታ ይቀይራል።

ጆሮ የማይረዳበት፣ ጽሑፍ ብቻ የሚፈርድበት ጊዜም አለ። ሄንገሎ የምትባለውን ከተማ የአትሌቲክስ ወዳጆች ሁሉ ያውቋታል፤ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1994 የ5,000 ሜትር፣ በ1995 የ10,000 ሜትር የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረው እዚያ ነው። የረጅም ርቀት ሯጭ በደችኛ «ላንገአፍስታንትስሎፐር» ነው፣ አንድ ላይ የተጻፈ። «ላንገ»ን በክፍት ቦታ ለይተው ከጻፉት ቁመቱ ረጅም የሆነ የርቀት ሯጭ ይሆናል። ሲነገሩ ሁለቱም «አፍ» ላይ ስለሚበረቱ ጆሮ አይለያቸውም። ጥምር ቃልን በክፍት ቦታ መነጣጠልን ደቾች «የእንግሊዝ በሽታ» ይሉታል፤ እንግሊዝኛ ብዙ ጥምር ቃላቱን ለያይቶ ስለሚጽፍ ነው። እኛም «ትምህርት ቤት»ን፣ «ማዘጋጃ ቤት»ን ለያይተን የምንጽፍ ነን፤ ክፍት ቦታው መጋጠሚያውን ያሳየናል። ደችኛ ውስጥ ስንገባ ያ ምልክት ከፊታችን ይነሣል።

## «መውደቅ ያለ ነው»

በሰንበት ከቤተ ክርስቲያን የምንመለሰው አብረን ስለሆነ አንዳንድ ወረቀቶቻቸውን የማነብላቸው በዕድሜ የሚበልጡኝ ሴት አሉ፤ እትዬ እላቸዋለሁ። ደችኛን በስልሳዎቹ ዕድሜአቸው ነው የጀመሩት፤ ያልገባቸውን ቃል ሳይጠይቁ አያልፉም። አንድ ቀን ለአረጋውያን የሚታደል ቀጭን መጽሔት ይዘው መጡ። ሽፋኑ ላይ «ቫለን ቮርኮመን» የሚሉ ሁለት ቃላት በትልቁ ታትመዋል። «ቫለን» መውደቅ መሆኑን ያውቁታል። ሁለተኛውን «ቮር» ላይ አበርትተው አነበቡና «ምን ማለታቸው ነው ልጄ? መውደቅ ያለ ነው፣ የሚያጋጥም ነው ነው የሚሉን?» አሉኝ።

«ቮርኮመን» በአንድ አጻጻፍ ሁለት ግሥ ነው። «ቮር» ሲበረታ መከሰት፣ ማጋጠም ነው። «ኮ» ሲበረታ መከላከል ነው። መጽሔቱ የሚለው መውደቅን መከላከል ነበር። የአንድ ቀለም ብርታት ማጋጠምን ወደ መከላከል ያዞረዋል። እትዬ ያነበቡት ቃል ራሱ ደህና የደች ቃል ነው፤ ቀድመው የተማሩትም እሱን ነበር። ደች ሰው ሽፋኑን ሲያይ ከሰዋስው ስለሚያውቀው አያመነታም፤ የመጀመሪያው ግሥ በዐረፍተ ነገር ውስጥ ተከፍሎ «ኮምት ቮር» ይላል፣ ሁለተኛው አይከፈልም። ባለፈ ጊዜም የመጀመሪያው «ቮርኸኮመን» ብሎ «ኸ»ን መጋጠሚያው ላይ ያስገባል፣ ሁለተኛው በፍጹም አያስገባም። እዚህም ላይ መጋጠሚያው ነው የሚናገረው። የበረታ «ቮር» ከግሡ የሚነጠል ቃል ነው፣ ያልበረታ «ቮር» ከግሡ ጋር የተዋሐደ ነው።

ይህን ላስረዳቸው ስሞክር የሰዋስው ነገር ሁሉ ከአፌ ጠፋና አንድ ጥያቄ ጠየቅኋቸው። «እትዬ፣ ‘ገና’ን እንዴት ያነቡታል?» ጥቂት ዝም ብለው «ላልቶ ነው ጠብቆ?» አሉኝ።

ለእኔ ነገሩ የተገለበጠው እዚያ ላይ ነው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ፊደላችን ለዚህ ቋንቋ የሚያዘጋጀን አይመስለኝም ነበር፤ መጋጠሚያውን ይሸሽጋል፣ ጫናን አይጽፍም። እትዬ ግን ሳይደናገጡ የጠየቁት ጥያቄ የሚገባውን ነበር። «ገና» ላልቶ ያልደረሰ ነው፣ ጠብቆ የልደት በዓል ነው። «አለ» ላልቶ ተናገረ ነው፣ ጠብቆ መኖር ነው። «ይበላል» የሚለው ሰው በላተኛ ይሁን የሚበላ፣ ወረቀቱ አይነግረንም። አማርኛ አንባቢ ዕድሜውን ሁሉ በጽሑፍ የሌለውን ድምፅ ከአገባቡ እያወጣ ሲያነብ የኖረ ሰው ነው። «ቮርኮመን»ን ሲያይ «የትኛው ነው?» ብሎ ለመጠየቅ ከማንም በተሻለ የተዘጋጀ ነው፤ ይህን የሚነግረው ሰው ከተገኘ።

ደቾች ሲያስፈልግ ጫናውን በጽሑፍ ያሳዩታል። በሚበረታው አናባቢ ላይ ወደ ቀኝ ያዘነበለች ትንሽ ጭረት ያስቀምጣሉ፤ ሁለቱ ግሦች በዚያ ይለያሉ። እኛም ሙከራ አለን። ሀዲስ ዓለማየሁ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ በሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ ነጥብ አድርገው ነበር። ልማድ ሆኖ አልቀጠለም። ቢቀጥል ኖሮ ለውጭ ሰው አማርኛ ለማስተማር ምን ያህል በጠቀመ ብዬ አስባለሁ፤ ለእኔዋ ልጅ ጭምር።

## ለሚጀምሩት

ከ2022 ወዲህ ለአዲስ ገቢዎች የሚጠየቀው የደችኛ ደረጃ ከፍ ብሏል፤ ወገኖቻችን ሠርተው በደከሙበት ምሽት የቃላት ዝርዝር ሲሸመድዱ አያለሁ፤ ልቤ ይነካል። ዝርዝሩ ቃሉንና ትርጉሙን ብቻ ይሰጣቸዋል። ከአነጋገር ይፈረዳል እንዲሉ፣ በፈተናው ክፍል ደግሞ የሚፈረደው ባሉት ልክ ነው፤ ጫናው የተዛባ ቃል ፊደሉ ሁሉ ተሟልቶ እንኳ ሰሚው ሊያውቀው አይችልም። እንዲያውም ሌላ አደጋም አለ። «ባከር»፣ ዳቦ ጋጋሪ፣ በላቲን ሲጻፍ ሁለት «ክ» ስላለው እኛ እናጠብቀዋለን። ደችኛ ግን የሚያጠብቅ ድምፅ የለውም፤ ሁለቱ ተነባቢዎች የተጻፉት ከፊታቸው ያለው አናባቢ አጭር መሆኑን ለማሳየት ብቻ ነው። ማጥበቅን እንተው፣ ጫናን እንያዝ። እኔ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው ይህን ነው።

ለእትዬና ለሁለት ጓደኞቻቸው ዝርዝሩን እንደገና ጻፍኩላቸው። መጋጠሚያውን ለማሳየት እዝባር ተጠቀምኩ፤ «ት/ቤት»፣ «ፍ/ቤት» ብለን ስንጽፍ የምናውቀው ምልክት ስለሆነ ማስረዳት አላስፈለገኝም። በሚበረታው ፊደል አናት ላይ ነጥብ አደረግሁ። ከእዝባሩ በኋላ አናባቢ ሲመጣ በ«አ» ቤት ጻፍኩት፤ «ሃውስ/አርትስ»፣ ፊደል እንዳይሰነጠቅ። ትርጉሙን ከኋላ ጀምረን እናነባለን፤ የመጨረሻው ቃል ነገሩ ምን እንደሆነ ይናገራል፣ ከፊቱ ያሉት የምን እንደሆነ። በእግር ኳስ ውስጥ ኳሱ ኋላ እንደሚመጣ ማለት ነው፤ የደቹ «ፉትባል»ም ልክ እንደዚያው ነው።

ከዝርዝሩ ሁሉ ረጅሙ ለሥራ ብቁ ላልሆነ ሰው የሚከፈል መድን ነው። በላቲን 33 ፊደላት፣ 10 ቀለማት አሉት። በእኛ ሉህ ላይ «አርቤይትስ/ኦንኸስኺክትሄይትስ/ፈርዜከሪንግ» ተብሎ ተጽፏል፤ ሥራ፣ አለመብቃት፣ መድን፤ ነጥቡ «አር» ላይ። ከእዝባሩ በፊት ያለው «ስ» ማያያዣ ነው፣ በሁለት ቦታ። እትዬ መጨረሻውን አይተው «መድን ነው» ለማለት አሁን አይዘገዩም። መካከለኛው ቃል ግን አሁንም ምላሳቸውን ይይዛቸዋል፤ «ኸ» እና «ስኺ» በተከታታይ ሲመጡ እኔንም ያስቸግረኛል፣ ልጄ ብቻ ናት በአንድ ትንፋሽ የምትለው።